«እድሩ ለምን ድንኳን አልተከለልኝም?»

ሰሞኑን አንድ አጭር ቪዲዮ ከዚህም ከዚያም እየተላከ ስልኬን ሞልቶታል። ጨለማ ክፍል፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ድምፁን ሆን ብሎ ያጎረነነ ተራኪ። ርእሱ «በሕይወት ያሉ ሬሳዎች» ይላል፤ ሞቻለሁ ብለው ስለሚያምኑ ሰዎች ነው። ከሥሩ ከሰፈረው አስተያየት ግማሹ ሳቅ ነው፤ ግማሹ ደግሞ «ይህ የክፉ መንፈስ ሥራ ነው» የሚል። የአእምሮ ሕክምና ነርስ መሆኔን የሚያውቁ ሰዎች «እውነት ነው እንዴ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

እውነት ነው። እንዲህ ያሉ ታማሚ አስታምሜያለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ቪዲዮው የሚለው ዓይነት አስፈሪ ነገር አላየሁም። እኔን ያስፈራኝ የነበረው የሽንት መለኪያው ነው። ጠዋት ተራ ስንቀባበል መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር፤ ከታች ጠቆር ያለች ጥቂት ነገር ብቻ ተጠራቅማ ሳይ ሆዴ ይላወሳል። ሞቻለሁ የሚል ሰው አይበላም፣ አይጠጣም። ቤተሰብም ሐኪምም ቀድመው ሊያስቡበት የሚገባው ይህ ሆኖ ሳለ ቪዲዮው ስለዚህ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ስለ እሳቸው ስጽፍ ማንነታቸውን የሚጠቁመውን ሁሉ ቀይሬያለሁ። እንድጽፍ የፈቀዱልኝም እሳቸውና ልጃቸው ናቸው። በክፍላችን «እማማ» ነበር የምንላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ይሁኑ።

እማማ ስልሳውን የተሻገሩ፣ ባላቸውን ቀደም ብለው የቀበሩ፣ ልጆቻቸውን አሳድገው ለቁም ነገር ያበቁ ሴት ናቸው። በሰፈራቸው የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ደብተራቸው ላይ ስርዝ ድልዝ የለም፤ ወርሃዊ መዋጮ ያዘገየች ሴት እሳቸው ቤት በር ላይ ስታልፍ እርምጃዋን ታፈጥናለች ይባል ነበር። በሽታው ሲጀምር ማንም በሽታ አላለውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ጎረቤት ቡና ሲጠራቸው ይቀራሉ። ሲጠየቁ መልሱ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። እርጅና ነው ተባለ፤ ባላቸውን አስታውሰው ነው ተባለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁዳዴ ገባ።

ሁዳዴ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ነገር የተሸፈነው በእሱ ነውና። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በማይበላበት፣ የበረታ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ በማይቀምስበት ወቅት አንዲት አዛውንት ምግብ ቢተዉ ማን ይጠረጥራል? ጎረቤት አደነቀ። ቅዳሴ ስለቀሩ ደከሙ እንጂ ጾሙንስ አጥብቀው ያዙት ተባለ። በሰሙነ ሕማማት ውሃውንም ሲተዉ አክፍሎት መሰለ። ለልጃቸው ነገሩ የተገለጠላት በፋሲካ ሌሊት ነው። ዶሮው ቀርቦ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ እማማ ሳህኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉና «ለሞተ ሰው ምግብ አይቀርብም» አሉ። ከቤተ ዘመዱ መካከል የሳቀ ነበር። እማማ አልሳቁም፤ ልጅቷ ያን ፊት አይታ ጉርሻው በእጇ እንደቀረ ነግራኛለች።

ክሊኒክ ተወሰዱ። እንደ ወጉ ታይፎይድ ተገኘባቸው። (በዚህ ከተማ ደሙን ሰጥቶ ታይፎይድ ያልተገኘበት ሰው ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል።) ቀጥሎ ጨጓራ ተባለ። ከዚያ ጠበል ተሄደ። በመጨረሻ ከአልጋ ሲነሡ ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ ያያቸው ወጣት ሐኪም ስለ ውድቀቱ ሳይሆን ስለ ሐሳባቸው በመጠየቁ ወደ እኛ ተላኩ። ያንን ሐኪም እግዜር ይስጠው።

ሲመጡ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። የክንዳቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደተቆነጠጠ ይቆያል። ነጠላቸውን ከራስ እስከ እግር ተከናንበው፣ እግራቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በጀርባቸው ተኝተዋል። ስንቱን ሰው የገነዙ ሴት ናቸው፤ ሬሳ እንዴት እንደሚተኛ ያውቃሉ።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ?»

«የሞተ ሰው ያድራል እንዴ፣ ልጄ?»

በድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ቀልድም የለም። መንገድ የጠየቀ ሰው ላይ እንደሚታዘን ዓይነት ነው የመለሱልኝ።

«መቼ ነው ያረፉት?»

«ከጥምቀት በኋላ። አንጀቴ ደረቀ፣ ሆዴ ባዶ ሆነ፣ ከዚያ ልቤ ቀጥ አለ።»

«ታዲያ አሁን ከእኔ ጋር የሚያወራው ማን ነው?»

ቆዩ። «እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው። አልተቀበርኩማ። እድሩ ለምን ድንኳን አልተከለልኝም? ገንዘቡን ስለበላሁ ነው። ሌባ አንቀብርም ብለው ነው።»

የበሉት ገንዘብ አልነበረም። ነገር ግን ሐሳቡ እርስ በርሱ እንዴት እንደተያያዘ ተመልከቱ። በድያለሁ፤ ስለበደልኩ እድሩ አልቀበረኝም፤ ስላልተቀበርኩ የትም አልሄድም፤ እንዲህ እንደሆንኩ ለዘላለም እተኛለሁ። ሞተዋል፣ ግን መሞት አይችሉም። ለእኛ የሚጋጭ ነገር ነው፤ ለእሳቸው ግን የቅጣቱ ዋና ፍሬ ይኸው ነበር።

ይህን ዓይነቱን ሕመም በሕክምና ጽሑፍ አጥርቶ ያሰፈረው ፈረንሳዊው ሐኪም ዡል ኮታር ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 1880 ፓሪስ ውስጥ በአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ፊት ስለ አንዲት የ43 ዓመት ሴት ተናገረ። «ወይዘሪት ኤክስ» ብሎ ነበር ስሟን የሸሸገው። አንጎል የለኝም፣ ነርቭ የለኝም፣ ጨጓራም አንጀትም የለኝም፣ የቀረኝ ቆዳና አጥንት ብቻ ነው ትል ነበር። እግዚአብሔርም ሰይጣንም የሉም፣ መብላትም አያስፈልገኝም፣ ለዘላለም እኖራለሁ ትላለች። ኮታር ይህን ሲያቀርብ እንደ አዲስ ተአምር አላደረገውም፤ ከባድ፣ ጭንቀት የተጫነው ድባቴ (ዲፕሬሽን) የሚይዘው አንድ መልክ ነው ብሎ ነው ያቀረበው። ሕመሙ በስሙ «ኮታር ሲንድረም» ተብሎ የተጠራው በኋላ ነው። እሱ ራሱ ዕድሜው አልረዘመም። እ.ኤ.አ. በ1889 ዲፍቴሪያ የያዛትን ልጁን ሲያስታምም በሽታው ተጋባበትና በ49 ዓመቱ ሞተ። እኛ ነርሶች ስለ ሐኪሞች ብዙ የምናማው አለን፤ ይህን ሰው ግን አልነካውም።

ከኮታርም በፊት ታሪኩ አለ። የጄኔቫው ተመራማሪ ሻርል ቦኔ እ.ኤ.አ. በ1788 ስለ አንዲት አሮጊት ጽፏል። ሴትየዋ በድንገት ታምማ አንደበቷ ሲፈታ «ሞቻለሁ፣ ከፍኑኝና ሬሳ ሳጥን ውስጥ አስገቡኝ» ብላ ቤተሰቧንና አገልጋዮቿን አስጨነቀቻቸው፤ ጭቅጭቋ አላባራ ሲል እንደ ፈቃዷ አደረጉላት። ይህን ካነበብኩ በኋላ እማማ ለእኔ ብርቅ መሆናቸው ቀረ። አውሮፓዊቷ ከፈንና ሳጥን ጠየቀች፤ እማማ ደግሞ ድንኳን፣ ጥሩንባ ነፊና ጥቁር የለበሰች ልጅ። እያንዳንዱ የሚጠይቀው አገሩ ለሟች የሚያደርገውን ነው።

ብርቅ ነው መባሉ ግን እውነት ነው። ሥራዬን ስጀምር በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ሁለት መስመር አንብቤ ያለፍኩት ነገር ነው። ሐኪሞቹ ቤሪዮስና ሉኬ እ.ኤ.አ. በ1995 በጽሑፍ የተመዘገቡ 100 ታማሚዎችን ሰብስበው ሲመረምሩ ከመቶው 89ኙ ድባቴ ነበረባቸው። 86ቱ የአካል ክፍሌ የለም ወይም ጠፍቷል ይሉ ነበር፤ 63ቱ ጥፋተኛ ነኝ፣ 55ቱ ደግሞ አልሞትም ይሉ ነበር። እማማ ከአራቱም ውስጥ ነበሩ። ቁጥሩን የጠቀስኩት ለአንድ ነገር ነው፤ ቪዲዮው ይህን ራሱን የቻለ እንግዳ ፍጡር አድርጎ ያሳየናል፣ ሐኪሞቹ መዝገቡን ሲከፍቱ ግን ከሥሩ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ የምናውቀውን ድባቴ ነው። በየሰፈሩ ያለው፣ «ከፍቶኛል» ተብሎ የሚታለፈው ድባቴ ሳይታከም ወርዶ ወርዶ መጨረሻው ወለል ላይ ሲደርስ እንዲህ ይናገራል። «የማልረባ ነኝ» የሚለው ሐሳብ «ሌባ ነኝ» ይሆናል፤ «ምንም አይሰማኝም» የሚለው «የለሁም» ይሆናል።

«ምንም አይሰማኝም» ላይ የሚያስደንቅ ምርምር አለ። እማማ ልጃቸው ልትጠይቃቸው ስትመጣ አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይህቺ ልጄን ትመስላለች፤ ልጄ ብትሆን ግን ጥቁር ትለብስ ነበር» አሉኝ። ልጅቷ ሰማች። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች፤ «ሞቻለሁ» ከሚለው ይልቅ ይሄኛው ነው የጎዳት። የቅርብ ሰው በሌላ መሳይ ሰው ተተክቷል ብሎ ማመን የራሱ ስም አለው። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ካፕግራ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1923 የጻፈበት ስለሆነ ካፕግራ ሲንድረም ይባላል። አልፎ አልፎ ከኮታር ሲንድረም ጋር አብሮ ይታያል። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አንድሩ ያንግና ባልደረቦቹ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ሊቀዱ ይችላሉ ይላሉ። የምንወደውን ፊት ስናይ ማንነቱን ከመለየታችን ጋር አንድ የመሞቅ ስሜት ይመጣል። ያ ስሜት በሕመም ሲቋረጥ ፊቱ ያው ነው፣ ግን ባዳ ነው። አእምሮ ለዚህ ምክንያት ይፈልጋል። ተጠራጣሪ ሰው ጥፋቱን ወደ ውጭ ይጥለዋል፦ «ይህቺ እሷ አይደለችም፣ ተለውጣለች።» በድባቴ የተያዘ ሰው ግን ማንኛውንም ጥፋት ወደ ራሱ መውሰድ ልማዱ ስለሆነ «የተለወጥኩት እኔ ነኝ፣ ሞቻለሁ» ይላል። ይህ ገና መላምት ነው። ለእማማ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ስነግራት ግን ዕንባዋን ጠርጋ «ታዲያ አልጠላችኝም ማለት ነው?» አለችኝ። መላምትም ቢሆን ሥራውን ሠርቷል።

አእምሮ ምክንያቱን የሚለቅመው ደግሞ ካጠገቡ ነው። እነ ያንግ የጻፉለት አንድ የስኮትላንድ ወጣት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 በሞተር ብስክሌት አደጋ አንጎሉ ተጎድቶ ሞቻለሁ ብሎ ያምን ነበር። ከሆስፒታል ሲወጣ እናቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይዛው ሄደች። ሙቀቱ ሲነካው ሲኦል መግባቱን አረጋገጠ። እናቱስ እዚያ ምን ትሠራለች? እሷ ስኮትላንድ ተኝታለች፣ መንፈሷን ተውሼ ነው ሲኦልን የምታስጎበኘኝ አለ። እማማ ይህን ታሪክ ከዳኑ በኋላ ስነግራቸው በጣም ሳቁና «ምስኪን፣ እኔ እንኳ ቃሊቲን አላለፍኩም» አሉ።

ከተመራማሪዎቹ አንድ ትልቅ ነገር ተምሬያለሁ፦ ክርክር ዋጋ የለውም። ቤተሰቡ ይህን ለመቀበል ተቸግሮ ነበር፤ እኔም አልፈርድባቸውም፣ የትኛው ልጅ እናቱ ሞቻለሁ ስትል ዝም ይላል? የእድሩን ሰብሳቢ ደብተሩን አስይዘው አመጧቸው። ሴትየዋ አልጋው አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡና ገጹን አንድ በአንድ እየገለጡ፣ ድምሩን በጣታቸው እያሳዩ «ይኸው፣ አምስት ሳንቲም አልጎደለም» አሉ። እማማ በትኩረት አዩ። ደብተሩ የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነው። ሲጨርሱ «የጎደለውን ሞልታችሁ ነው የመጣችሁት፤ ይሉኝታችሁ ነው» አሉ። ሰብሳቢዋ ደብተሩን ዘግተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

ልብ የማዳመጫውንም ሞክረነዋል፤ አንድ ተለማማጅ ሐኪም ጆሯቸው ላይ አድርጎ «የራስዎ ልብ ነው፣ ይስሙት» አላቸው። ሰሙ። «ይመታል» አሉ፤ «ከሞትኩ በኋላም ይመታል፤ ስለዚህ መምታቱ ምንም ማለት አይደለም።» ልጁ አፉን ይዞ ቀረ። ያንግና ሊፍሄድ እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ አንዲት ታማሚ ሲጽፉ ይህንኑ ነው ያገኙት። ልብሽ ሲመታ ይሰማሻል? ሙቀትና ቅዝቃዜስ? ሲሏት፣ ሞቼም እየተሰማኝ ስለሆነ በሕይወት ለመኖሬ ማስረጃ ሊሆን አይችልም አለች። አመክንዮው እንከን የለውም። የተበላሸው መነሻው ብቻ ነው፤ መነሻው ደግሞ በወሬ አይነቀልም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ሌላ በሽታ አለመሆኑ ይጣራል። በአንጎል ጉዳት፣ በስትሮክ፣ በሚጥል በሽታም ይህ ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። አሲክሎቪር የሚባለው የቫይረስ መድኃኒት በተለይ ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ማምጣቱን የስዊድን ሐኪሞች ዘግበዋል። የእማማ የደም፣ የኩላሊት፣ የታይሮይድ ምርመራና የራስ ሲቲ ስካን ይህን ሊያመጣ የሚችል ነገር አላሳየም።

ከዚያ ውሃ። ለተራበ ሰው ግሉኮስ ከመስቀላችን በፊት ቫይታሚን ቢ1 እንሰጣለን፤ ያለ እሱ ስኳሩ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ምግቡንም በአንዴ አናበዛም፤ ሰውነት ለረጅም ጊዜ ከራበው በኋላ ድንገት ሲጠግብ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ወርዶ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ቤተሰብ ይህን አያውቅም። «በላች!» ብሎ ተደስቶ የዶሮ መረቅ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ እቀማለሁ። ክፉ ሴት የተባልኩት በዚህ ነው።

እማማ አፋቸውን የሚከፍቱበትን መንገድ ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛችን ናት። እኛ «ይጠጡ፣ ይድናሉ» ስንል አፋቸውን ይገጥማሉ። እሷ አልጋው ሥር ስትወለውል ቀና ብላ «እማማ፣ ከንፈርዎ ደርቋል፣ ላርጥብልዎት?» አለቻቸው። ሬሳም ይታጠባል። ራሳቸውን ነቀነቁ። በጥጥ አረጠበች፤ ከዚያ በማንኪያ አስነካች፤ ዋጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም «ይጠጡ» አላላቸውም። «ከንፈርዎን ላርጥብ» እያልን፣ የገባውን በሚሊ ሊትር እየመዘገብን፣ በአፍንጫ ቱቦ ከማስገባት ተረፍን። አልዋሸናቸውም፤ «አዎ፣ ሞተዋል» ያላቸው የለም። ሞተዋል ወይም አልሞቱም በሚለው ነገር መሟገቱን ነው የተውነው። ሲጠይቁኝ «እርስዎ እንደዚያ እንደሚሰማዎት አውቃለሁ፤ እኔ አይመስለኝም» ብዬ ወደ ማንኪያው እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ ቤተሰብ እንዲሰማኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። «ሞቻለሁ የሚል ሰው ራሱን አያጠፋም» የሚል ግምት ሰምቻለሁ፤ ስሕተት ነው። አልሞትም፣ አልቀበርም፣ ቅጣቴ ማብቂያ የለውም ብሎ የሚያምን ሰው ያንን ለማቆም አደገኛ ነገር ሊሞክር ይችላል። እማማን ሌት ተቀን ለብቻቸው አልተውናቸውም። እንዲህ የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብቻውን ሳትተዉ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

መድኃኒቱ ሁለት ነበር፤ ለድባቴው ፍሉኦክሰቲን፣ ለሐሰቱ እምነት ኦላንዛፒን። በእንዲህ ያለ ድባቴ ሁለቱን ዓይነት ማጣመር አንዱን ብቻ ከመስጠት እንደሚሻል በጥናት ተረጋግጧል። ኮታር ሲንድረም ላይ በተጻፉ ዘገባዎች ግን ከሁሉ በላይ ውጤቱ የሚወደሰው የኤሌክትሪክ ሕክምናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሮም ውስጥ ኡጎ ቸርሌቲና ሉቺዮ ቢኒ የጀመሩት ይህ ሕክምና በፊልም ሰዎችን ሲያንፈራግጥ ስለሚታይ ሕዝቡ ይፈራዋል። ዛሬ በደንብ ሲሠራ ሰውየው ማደንዘዣና ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ወስዶ ተኝቶ ነው የሚደረግለት። እኔ በምሠራበት ክፍል በዚያን ጊዜ አልነበረንም። ማሽኑ አንድ ነገር ነው፣ የማደንዘዣ ባለሙያ ማግኘቱ ሌላ ነገር። ምግብ በማቆም ሊሞት ለተቃረበ ሰው ሳምንታት የሚፈጅ ክኒን ብቻ ይዞ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ለበላይ ኃላፊዎች በደብዳቤም በቃልም ተናግረናል፤ እዚህ ላይ ብደግመው ቁጣዬ ጽሑፉን ይበላዋል።

የንስሐ አባታቸውም መጡ። እውነቱን ለመናገር ሳያቸው ክኒኑን ሊያስቆሙ ነው ብዬ ወገቤን ይዤ ነበር የጠበቅኳቸው። ቁጭ ብለው ሰሙ፤ «እግዜር ይፍታሽ» ብለው ጸሎት አደረሱ፤ ከዚያ ያመጡትን ጠበል በትንሽዬ ኩባያ ቀድተው ክኒኑን ከእኔ እጅ ተቀበሉና «በዚህ ዋጪው» አሏቸው። እማማ ዋጡ። በኋላ ኮሪደሩ ላይ አባን ሳመሰግናቸው «እኔም የስኳር መድኃኒቴን በእሱ ነው የምውጠው» አሉኝ።

ለውጡ የመጣው በደማቅ አዋጅ አይደለም። መጀመሪያ እንቅልፍ ተመለሰ። ቀጥሎ ከአጠገባቸው ያለችው ታማሚ ትራስዋ መሬት ሲወድቅ «አንሱላት እንጂ!» ብለው ተቆጡ፤ ነርሶቹ ሁሉ ዞረን አየናቸው። ከዚያ ስለ ሞታቸው ሲጠየቁ «እንጃ» ማለት ጀመሩ። «እንጃ» ላይ ብዙ ቆዩ። አንድ ቀን ከሰዓት ልጃቸው ፀጉራቸውን እየሠራችላቸው ሳለ «ቀስ በይ፣ ያማል» ሲሉ ሰማሁ። ስለ ድንኳኑ ከዚያ በኋላ አላነሡም።

የሚያስታውሱትን ጠይቄያቸዋለሁ። የማያስታውሱ ታማሚዎች አሉ፤ እማማ ያስታውሳሉ። አልፈሩም እንዴ ስላቸው፣ ፍርሃት ቢሆን ደግ ነበር አሉኝ። ከሁሉ የባሰው ድምፁ ነው፤ ሰው ሲናገር ከሩቅ ክፍል የሚመጣ ይመስላቸው ነበር፣ የገዛ እጃቸውም ሌላ ሰው ትቶት የሄደ ዕቃ ይመስላቸው ነበር። ስለ አንድ እንግሊዛዊ ታማሚ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። በከባድ ድባቴ ውስጥ አንጎሌ ሞቷል ይል ነበር፤ ወደ መቃብር ቦታ እየሄደም ይቀመጥ ነበር። ቤልጅየም ውስጥ አንጎሉ በመሣሪያ ፎቶ ተነሥቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታተም ነቅቶ የሚያወራ ሰው ሆኖ ሳለ የፊተኛውና የላይኛው የአንጎሉ ክፍል በሰፊው ሥራውን ቀንሶ ተገኘ። አንድ ሰው ነው፣ መድኃኒትም ይወስድ ነበር፤ ብዙ ነገር አይደመደምበትም። ለእማማ ስነግራቸው ግን «ፎቶ አለው?» ብለው ጠየቁ። ማስረጃ የሚወዱ ሰው ናቸው።

አሁን የማስቸግራቸው በክኒኑ ነው። ደህና ሲሆኑ ማቋረጥ የሁላችንም ልማድ ነው። ከእንዲህ ያለ ድባቴ የዳኑ 126 ሰዎች በተካፈሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ ሁሉም የድባቴ መድኃኒታቸውን ቀጠሉ፤ ግማሾቹ ኦላንዛፒኑንም ቀጠሉ፤ ለቀሩት ሳያውቁት ባዶ ክኒን ተተካላቸው። በ36 ሳምንት ውስጥ በሽታው የተመለሰባቸው ከቀጠሉት 20 በመቶ ያህሉ፣ ካቋረጡት ደግሞ 55 በመቶ ያህሉ ናቸው። ክብደት መጨመሩም በዚያው ጥናት ላይ በግልጽ ታይቷል፤ የእማማ አቤቱታ እዚያ ላይ ነው። ባለፈው ቀጠሯቸው ገና በር ላይ ሆነው ጀመሩ።

«ሲስተር፣ ይህን ክኒን ተይልኝ። የጥምቀት ቀሚሴ እንቢ አለኝ።»

«ሐኪሙ ሳይወስን አይቆምም። ለጥምቀት ስንት ወር አለ፣ ይሰፋል።»

«ሰፊው መቶ ሃምሳ ብር ይለኛል!»

ልጃቸው ከኋላ ሆና እኔ እከፍላለሁ አለች። እማማ ዞረው ባለፈው ወር የወሰድሽውንም አልመለስሽም አሏት።